ጨውና የቆዳ ደዌ በአዋሽ ሸለቆ

ለሰው ልጅ ኑሮ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ጨው ታናሽ መስሎ የሚታይ፣ ሥራው ግን ታላቅ የሆነ ነገር ነው። ባለጸጋ በአዳራሹ፣ ድኻም በጎጆው ያለ ጨው የቀረበለትን ወጥ ደስ ብሎት አይበላም። የኢትዮጵያ ሰው «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እያለ ከአባቶቹ የወረሰውን ምሳሌ የሚናገረው ሰው ሁሉ በያለበት ሥራ ዋጋ ያለው ሆኖ እንዲገኝ ለማስተማር ነው። ይሁን እንጂ ጣዕም የሚሰጥ ነገር ሁሉ ልክ አለው። ልኩን ያለፈ ጨው ወጡን እንደሚያበላሽ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች፤ ሰውነትንም እንደሚጎዳ፣ ይልቁንም የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ሐኪሞች ብዙ ዘመን መርምረው ደርሰውበታል። አሁን ደግሞ ምርመራው ከልብና ከኩላሊት አልፎ ወደ ቆዳ ደርሷል።

የመጽሐፈ ኢዮብን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያ ጻድቅ ሰው መላ አካሉ ቆስሎ ቁስሉን በገል ይፍቅ እንደ ነበረ ያስታውሳል። በዚያው መጽሐፍ ኢዮብ ጨው የጎደለው ምግብ ጣዕም የሌለው መሆኑን ጠቅሶ መናገሩም ተጽፏል። መጽሐፉ የቆዳውን ቁስልና የምግቡን ጨው አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ አላቀረበም፤ ለብዙ ዘመንም ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ ሰው ጥቂት ነበረ። በቅርብ ዓመታት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የሕክምና ሊቃውንት በሰው ማዕድ ላይ ያለው ጨው በቆዳው ላይ የሚታየውን መቆጣት ያባብስ እንደ ሆነ በጥብቅ እየመረመሩ ነው። ይህ ነገር ከጨው ጋር አብሮ ለሚኖረው ለአፋር አገር ሰው፣ በተለይም ለአዋሽና ለሰመራ ከተሞች፣ በሩቅ የሚሰማ ወሬ ብቻ ሊሆን አይገባውም።

አዋሽ ወንዝ በሸዋ ደጋ፣ ከጊንጪ አጠገብ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ ከጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ የተሸከመውን ጨው የሚጥልበት ሌላ ስፍራ የለውም፤ ውኃው በፀሐይ ኃይል ወደ ሰማይ ሲወጣ ጨው ግን በምድር ይቀራል። በዚህ ምክንያት በሸለቆው ውስጥ በመስኖ ከሚለማው መሬት ከፊሉ፣ በአሚባራና በመልካ ሳዲ እንደ ታየው፣ ጨው ወጥቶበት ሰብል እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቷል፤ ጨዋማ ውኃውም በቦይ ወደ አዋሽ እንዲገባ ተደርጓል። እንግዲህ በዚህ ሸለቆ ጨው በማዕድ ላይ ብቻ ሳይሆን በአፈሩና በውኃውም ይገኛል ማለት ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ900 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከዚያ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ታች የሚወርድ መንገደኛ ሎግያን አልፎ የአፋር ክልል መዲና ወደ ሆነችው ወደ ሰመራ ይደርሳል። የሰመራ ከፍታ 500 ሜትር አይሞላም፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱት የጭነት መኪናዎች፣ ከአፍዴራም ጨው የጫኑት፣ በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ላብ፣ አቧራ፣ ነፋስና ጨው በአንድነት የሚገናኙበት ስፍራ ነው።

የአፋር ጨው ታሪክ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ታሪክ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የመጣው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ሩቅ አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግልና ከተቆረጠበት ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ሲወደድ አይቶ መስክሯል። በዳሎል አጠገብ ካለው ከአሳሌ የጨው ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ይወጣ ነበር፤ እስከ ኻያኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በብዙ አገር በብር ፈንታ ይቀበሉት ነበር። ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር በነበረበት ዘመን ማንም በከንቱ አያበዛውም፤ ሰው አሞሌውን በምላሱ ነካ አድርጎ ይመልሰው ነበር እንጂ በጭልፋ አይጨምረውም።

የጨው ብዛት የመጣው ዋጋው ከረከሰ በኋላ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ የነበረው የገበታ ጨው ስለ ተቋረጠ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው በሰፊው መመረት ጀመረ። አፍዴራ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስፍራ ነው፤ የሐይቁ ጨዋማ ውኃ በተከፋፈሉ መደቦች ላይ ፈስሶ በፀሐይ ይደርቅና ነጩ ጨው ይጠረጋል። ዛሬ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከሚበላው ጨው ብዙው ከዚህ የሚወጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ደግሞ የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ታዟል፤ ምክንያቱም አዮዲን የጎደለበት ሰው እንቅርት ይወጣበታል፣ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ያጣችው እንደ ሆነም የልጁ አእምሮ እድገት ይጎዳል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ ከዚህ በታች ስለ ጨው መቀነስ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ጋር ተስማምቶ መሄድ አለበት።

የአፋር አርብቶ አደር የጥንት ምግቡ የግመልና የፍየል ወተት፣ ሥጋና ቅቤ ነው። ወተት በተፈጥሮው ጥቂት ጨው አለው፤ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚጨምርበት ግን እምብዛም አይደለም። ከተማ በተስፋፋ ጊዜ ግን ማዕዱ ተለወጠ። በአዋሽና በሰመራ ምግብ ቤቶች እንጀራ በወጥ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ጥብስና የታሸገ ምግብ ይቀርባል። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደ ገና ይጨመርበታል፤ ከዚያም ተመጋቢው ሳይቀምሰው ከገበታው ላይ ጨው አንሥቶ ይነሰንስበታል። በዚህ ዓይነት አንድ ወጥ ሦስት አራት ጊዜ ጨው ይቀበላል፤ በላተኛው ግን የመጨረሻውን ብቻ ይቆጥራል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በዚህ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የተባለው ንጥረ ነገር 2 ግራም ያህል ነው። ይኸው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የዓለም ሕዝብ በአማካይ የሚበላው ጨው በቀን ከ10 ግራም በላይ መሆኑን አስታውቋል። በኢትዮጵያም በ2007 ዓ.ም. በመላው አገር በተደረገው የጤና ጥናት የጎልማሶች ጨው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከተመከረው ልክ ያላለፈው ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ። እንግዲህ ጉዳዩ የባለጸጎች አገሮች ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

ስለ ቆዳ ሲነገር በመጀመሪያ በሽታን ከበሽታ መለየት ይገባል። በሕዝብ ዘንድ ቆዳን የሚነካ ሕመም ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራና በአንድ ዓይን ሲታይ ይገኛል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ግፍ ይደርሳል። እከክ በዓይን በማትታይ ትንሽ ተባይ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ጭርት በሻጋታ ወገን በሆነ ነገር የሚመጣ ነው። ሥጋ ደዌም በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ዛሬ ግን በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው። ችፌና ሶርያሲስ የተባሉት ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። ችፌ ቆዳን ያደርቃል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጥቃል፣ አንዳንድ ጊዜም ውኃ ያስመጣል፤ በሕፃናት ፊት ላይ፣ በክንድና በጉልበት መታጠፊያ ላይ ይበዛል። ሶርያሲስ ደግሞ በክርን፣ በጉልበትና በራስ ቆዳ ላይ ወፍራምና ነጭ ቅርፊት ያለው ሆኖ ይታያል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ አልጋ መተኛት፣ እጅ መጨባበጥ አያጋባቸውም።

የእነዚህ ሕመሞች ሥር መቆጣት ነው። ቆዳ የሰውነት አጥር ሲሆን በውስጡ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ዘብ ጠባቂ ይመላለሳሉ። ጠላት በገባ ጊዜ ይነሣሉ፤ ስፍራው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፤ ጠላት ሲሸነፍ ይበርዳሉ። ችፌና ሶርያሲስ ባለበት ሰው ግን እነዚህ ጠባቂዎች ጠላት ሳይኖር ይነሣሉ፣ ተነሥተውም አይበርዱም፤ የገዛ አጥራቸውን ያፈርሳሉ። ለዚህ ምክንያቱ ከፊሉ ከወላጆች የሚወረስ ነው፤ ከፊሉም ከአየር፣ ከአቧራ፣ ከሳሙና፣ ከላብ፣ ከሐሳብና ከጭንቀት የሚመጣ ነው። ሊቃውንት የሚጠይቁት ጥያቄ ጨውም ከእነዚህ ቀስቃሾች አንዱ ነውን የሚል ነው።

ጥያቄው የተነሣበት መንገድ እንዲህ ነው። ቀድሞ ሐኪሞች ትርፍ ጨው ሁሉ በኩላሊት በኩል ተጣርቶ በሽንት ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር። የንስ ቲትዘ የተባለው የጀርመን ሐኪምና ባልንጀሮቹ ግን ከሶዲየሙ ከፊሉ በቆዳ ውስጥ እንደ ጎተራ እንደሚከማች አሳዩ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ባወጡት ጽሑፍ ጨው የበዛበት አካባቢ አንድ ዓይነት የደም ሕዋሳትን ቁጡ እንደሚያደርጋቸው፣ ጨው የበዛበት መኖ የበሉ አይጦችም በአንጎላቸው ላይ የሚነሣው መቆጣት እንደ ባሰባቸው ገለጡ። እነዚያው ሕዋሳት በሶርያሲስ ውስጥ ዋና ሥራ የሚሠሩ መሆናቸው ስለሚታወቅ የቆዳ ሐኪሞች ነገሩን በጥንቃቄ መከታተል ጀመሩ።

በ2011 ዓ.ም. በሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲና ዚሊንስኪ የመራችው ቡድን የችፌ ሕመምተኞችን ቆዳ መርምሮ የታመመው ስፍራ ከጤነኛው ቆዳ እስከ 30 ጊዜ የሚበልጥ ሶዲየም እንዳለው አገኘ። በላቦራቶሪም ጨው ለችፌ ምክንያት የሚሆኑትን የደም ሕዋሳት እንደሚያበረታ አሳየ። ከዚህም ጋር በችፌ ቁስል ላይ የሚበዛው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጨዋማ ስፍራን የሚችል መሆኑ ነገሩን የሚያጠናክር ሆነ። ነገር ግን በቆዳው ውስጥ የተገኘው ጨው ከምግብ የመጣ ይሁን ወይስ ከበሽታው የተነሣ የተከማቸ ይሁን ያ ምርመራ አልለየውም።

ከዚያ በኋላ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ካለው ከካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ካትሪና አቡአባራና ባልንጀሮቿ ከሁሉ የሰፋውን ጥናት አወጡ። በእንግሊዝ አገር ከ215000 የሚበልጡ፣ ዕድሜያቸው ከ37 እስከ 73 ዓመት የሆኑ ሰዎች ከሰጡት ሽንት የሶዲየሙ መጠን ተገምቶ ከጤና መዝገባቸው ጋር ተመሳከረ። በቀን በሽንት የሚወጣው ሶዲየም በአንድ ግራም በጨመረ ቁጥር ችፌ የመገኘቱ ነገር በመቶ 11፣ በዚያው ጊዜ የተነሣ ችፌ የመገኘቱ ነገር ደግሞ በመቶ 16 ከፍ ብሎ ታየ። በአሜሪካም 13000 ያህል ሰዎች ስለ ምግባቸው ተጠይቀው በተመዘነ ጊዜ በቀን አንድ ግራም ሶዲየም አብልጦ መብላት፣ ይህም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ነው፣ የተነሣ ችፌ ከመገኘቱ ጋር በመቶ 22 ብልጫ አሳየ።

ይህን ቍጥር የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፣ ሁለት ነገር አብሮ መገኘቱ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። ደመናና ነፋስ አብረው ሲመጡ ነፋሱ ደመናውን ነዳው ወይስ ሌላ ምክንያት ሁለቱን አመጣ ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ጨው የሚያበዛ ሰው የታሸገና የተጠበሰ ምግብም የሚያበዛ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ የእንግሊዙ ጥናት የአንድ ጊዜ ሽንት ብቻ የመረመረ ነው፤ የተመረመሩትም ሰዎች አብዛኞቹ አውሮፓውያን ናቸው፤ በበረሃ ሙቀት የሚኖረውን የአፋርን ሰው አይወክሉም። ስለዚህ እውነተኛው ፍርድ ጨው ተጠርጣሪ ነው፣ ማስረጃውም እየበዛበት ነው፣ ነገር ግን ገና አልተፈረደበትም የሚል ነው። ጨውን መቀነስ ችፌን ያድናል ብሎ የሚምል ሰው ከእውቀት ቀድሞ የሚሮጥ ነው።

የጨው ነገር አንድ ወገን ብቻ የሌለው መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምርመራም አለ። በ2007 ዓ.ም. የጀርመን ሊቃውንት በቆዳ ውስጥ የተከማቸው ጨው አንዳንድ ሕዋሳት ጀርምን የሚገድሉበትን ኃይል እንደሚጨምርላቸው አሳይተዋል፤ ጨው የበዛበት መኖ የበሉ አይጦችም በኢትዮጵያ ደጋ ቁንጭር ተብሎ ለሚታወቀው የቆዳ ቁስል ምክንያት ከሆኑት ተውሳኮች ወገን የሆነውን ለመቋቋም ተሻሉ። ይህ የሚያስተምረው ጨው በቆዳ ውስጥ ጭፍራውን የሚያነቃ መለከት መምሰሉን ነው። ጠላት ባለበት ጊዜ መለከቱ ይጠቅማል፤ ጠላት በሌለበት ጊዜ ግን ሳያቋርጥ የሚነፋ መለከት ሰፈሩን ያውካል።

ይህም ሐሳብ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በጀርመን አገር ማክስ ጌርሶን የተባለ ሐኪምና ታላቁ ቀዶ ሐኪም ፈርዲናንድ ሳወርብሩህ የቆዳ ሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው ሰዎች ጨው የሌለው ምግብ እየሰጡ ብዙዎችን እንደ ረዱ ተናግረው ነበር። ዝናው በአውሮፓ ተሰማ፤ ሌሎች ሐኪሞች ሲሞክሩት ግን ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። በኋላም በ1936 ዓ.ም. ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ በሽታው በመድኃኒት የሚድን ስለ ሆነ ያ የምግብ ሥርዓት ተረሳ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ምግብን ማስተካከል መልካም ቢሆንም መድኃኒት ላለው በሽታ ምግብን በመድኃኒት ስፍራ መተካት አደጋ መሆኑ ነው።

በአፍ የሚገባውን ጨው በቆዳ ላይ ከሚፈስሰው ጨው መለየትም ያስፈልጋል። በሙት ባሕር ውኃ መታጠብ ሶርያሲስ ያለባቸውን ሰዎች እንደሚያሽላቸው የታወቀ ነው፤ እዚያ ግን የሚሠራው የውኃው ማዕድንና የፀሐዩ ብርሃን በአንድነት ነው፤ ጨው መብላት ይጠቅማል የሚያሰኝ ነገር የለውም። በአፋርም ከሰመራ አጠገብ እንደ አላሎባድ ያሉ ፍል ውኃዎች አሉ፤ የሚፈላ ውኃ ግን በቆሰለና በደረቀ ቆዳ ላይ ሥቃይ ይጨምራል እንጂ አያቀልም። በትንቢተ ሕዝቅኤል እንደሚነበበው በጥንት ዘመን አዲስ የተወለደን ሕፃን በጨው ማሸት የተለመደ ነበር። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለ ሆነ ጨው በእርሱ አልፎ ወደ ደም እንደሚገባና ለሞት እስከሚያደርስ ድረስ እንደሚጎዳ ዛሬ ሐኪሞች ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ልማድ ማንም ሊከተለው አይገባም።

በአዋሽና በሰመራ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ሙቀቱ ነው። አንድ ሊትር ላብ በአማካይ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ሶዲየም ይዞ ይወጣል። በቀን ሙሉ በፀሐይ የሚሠራ ሠራተኛ፣ በጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚያወርድ ተሸካሚ፣ መንጋ የሚከተል እረኛ ብዙ ላብ ያፈሳል። ሰውነት ሙቀቱን ከለመደ በኋላ በላቡ የሚያወጣውን ጨው ይቀንሳል፤ ሆኖም እንዲህ ያለውን ሰው ጨውን ፈጽሞ ተው ማለት ራሱን አዙሮት እንዲወድቅ ማድረግ ይሆናል። ተቅማጥና ትውከት ለያዘው ሕፃንም ሆነ ሽማግሌ ጨውና ስኳር የተመጠነበት ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ መሰጠቱ ነፍስን የሚያድን ነው፤ በዚያ ጊዜ ስለ ቆዳ ተብሎ ጨው አይከለከልም። በሌላ ወገን ግን በጥላ ሥር በወንበር ተቀምጦ የሚውል ጸሐፊ እንደ ተሸካሚው ላብ ሳያፈስ እንደ ተሸካሚው ጨው ቢበላ ለትርፉ ጨው ምክንያት አያገኝለትም።

ላቡ ራሱ ደግሞ በቆዳ ላይ ሲደርቅ ጨው ጥሎ ይሄዳል። ችፌ ያለበት ሰው ላብ ባሰበው ጊዜ ማሳከኩ እንደሚብስበት ሐኪሞችም ሕመምተኞችም ይመሰክራሉ። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር ባለ ችፌ የመጀመሪያው እርዳታ ከጨው ዕቃ ሳይሆን ከውኃ ይጀምራል፤ ላብን ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ኃይለኛ ሳሙና አለማብዛት፣ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ሌላ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት፣ ከሱፍ ይልቅ የጥጥ ልብስ መልበስ ነው። ውኃ በሚያጥርበት ስፍራ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም፤ የከተማ ውኃ ጉዳይ የቆዳ ጤና ጉዳይም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በማዕድ በኩል ሊደረግ የሚገባው ነገር ለማንም የማይከብድ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የሚገባውን ጨው መቀነስ፣ ወይም በዚያ ጊዜ ከገባ ወጡ ሲሠራ ዳግመኛ አለመጨመር፤ ጨውን በእፍኝ ሳይሆን በማንኪያ ለክቶ ማስገባት፤ ሳይቀምሱ አለመነስነስ፤ የጨውን ጣዕም በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮሰረት፣ በሎሚ መተካት ነው። ምላስ ልማድ ነው፤ ጨውን ቀስ በቀስ የቀነሰ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቀድሞው ወጥ ጨው የበዛበት ሆኖ ይታየዋል። ይህን ያደረገ ባለ ችፌ ቆዳው ቢሻለው ትርፍ ነው፤ ባይሻለውም የደም ግፊቱንና ልቡን ጠብቋልና ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ነገር ግን የሚቀነሰው የጨው መጠን እንጂ የጨው ዓይነት አይደለም። አንዳንድ ሰው ጨውን ልቀንስ ብሎ አዮዲን ያለውን የታሸገ ጨው ትቶ አሞሌ ቢቆርጥ ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። አሞሌ ታሪኩ የከበረ ቢሆንም አዮዲን አልተጨመረበትም። ጥቂት ጨው፣ እርሱም አዮዲን ያለው፣ የሚለው ምክር ሁለቱን ጤናዎች በአንድነት ይጠብቃል። የዓለም የጤና ድርጅትም ጨው መቀነስና አዮዲን መጨመር የማይጣሉ ሥራዎች መሆናቸውን ያስተምራል፤ ሕዝቡ የሚበላው ጨው ባነሰ ጊዜ የሚጨመረውን አዮዲን በልኩ ማስተካከል ይቻላልና። አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ስለሚጠፋም ጨው በተከደነ ዕቃ መቀመጥ አለበት።

መድኃኒትን በሚመለከትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ኃይለኛ ስለ ሆኑ ለጥቂት ቀን ቆዳውን አብርደው በኋላ ያሳሱታል፣ ያቆስሉታልም። ችፌ የመሰለው ሁሉ ችፌ ላይሆን ስለሚችል ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ ዱብቲ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ይገባዋል። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌና ለቆዳ በሽታዎች የታወቀ የሕክምናና የትምህርት ስፍራ ነው። በተለይም በቆዳው ላይ የማያሳክክ፣ ሲነካ የማይሰማው ደብዛዛ ነጥብ የወጣበት ሰው ሳይዘገይ መታየት አለበት፤ ይህ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል።

በሹማምንት እጅ ያለው ሥራም ትንሽ አይደለም። የብዙ ሰው ምግብ በአንድ ድስት የሚሠራበት ስፍራ፣ የተማሪ ቤት፣ የጦር ሰፈር፣ የወህኒ ቤት፣ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሁሉ፣ አንድ ትእዛዝ የሺህ ሰው ጨው የሚለካበት ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ጨው እየተመዘነ እንዲገባ ማዘዝ ወጪ አይጠይቅም። ከአፍዴራ የሚወጣው ጨው በደንቡ መሠረት አዮዲን የተጨመረበት መሆኑን መቆጣጠር፣ ለሕዝብ የሚቆፈረው የጉድጓድ ውኃ የጨው መጠኑ ተመርምሮ እንዲታወቅ ማድረግ፣ በጤና ጣቢያዎች የቆዳ ሕመምን የሚለይ የሠለጠነ ሰው እንዲኖር ማሰብም የእነርሱ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በበረሃ የሚኖረው ሕዝብ ራሱ ቢጠና ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጣው ቍጥር በአዋሽ ሸለቆ የሚጸና ይሁን ወይስ የማይጸና ይታወቃል። ጨው በሚመረትበት አገር ስለ ጨው የሚደረግ ምርመራ ከሌላ ስፍራ ይልቅ እዚያ ይገባዋል።

የካህናትና የሼኮች ድርሻ ደግሞ ከሐኪም ድርሻ የማያንስ ነው። ሕዝቡ የቆዳ ሕመምን እንደ ኃጢአት ቅጣት ወይም እንደ ርግማን የሚቆጥርበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ችፌ ያለባት ልጃገረድ ከትዳር ትከለከላለች፤ ሶርያሲስ ያለበት ሠራተኛ ከማዕድ ይለያል። የኢዮብ ባልንጀሮችም ሕመሙን አይተው በድለሃል ብለው ፈረዱበት፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ ግን የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። ይህን ታሪክ ለሕዝብ የሚያስተምር ካህን ከዚያው ጋር ችፌ የማይተላለፍ መሆኑን፣ ወደ ጸበል የሚሄድ ሰውም ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት እንዳይተው ቢናገር ሁለት በጎ ሥራ በአንድ ጊዜ ሠራ። በመስጊድም እንዲሁ ቢነገር በአዋሽና በሰመራ ሰሚው ብዙ ነው።

በወንጌል ደቀ መዛሙርት በምድር ጨው ተመስለዋል፤ በምሳሌው ጨው የተመረጠው በጥቂቱ ብዙውን የሚያጣፍጥ ስለ ሆነ ነው። በጥቂቱ ካልሆነ ምሳሌነቱም ይጠፋል። ሊቃውንት ጨው በቆዳ ደዌ ውስጥ ያለውን ድርሻ ፈጽመው እስኪለዩት ድረስ በአዋሽ ሸለቆ የሚኖር ሰው ሦስት ነገር ይዞ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጨውን በልክ መብላት፣ የታመመውን ወደ ሐኪም ማድረስ፣ ቆዳው የታመመበትንም ወንድም ከማዕድ አለመለየት። ሦስቱም ገንዘብ አያስወጡም፤ ከሦስቱ ግን የመጨረሻው፣ የሊቃውንትን ፍርድ ሳይጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሊፈጸም የሚገባው ነው።